የቀዘፋ ማሽን ለሴት ታጋዮች፤ ክንድ ያፈረጥማል ወይስ ሳንባ ያሰፋል?

ስለ ቡናና ጊዮርጊስ፣ ስለ አርሰናልና ማንቸስተር ማንበብ የለመደው የዚህ ገጽ ደንበኛ ርዕሱን ሲያይ ‹‹ደግሞ ቀዘፋና ትግልን ምን አገናኛቸው?›› ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና ሰሚት ባሉት ጂሞች ጎራ ያለ ሰው፣ ወረፋ ከሚጠበቅባቸው ትሬድሚሎች ጀርባ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ረጅም ማሽን ያያል። የሚንሸራተት መቀመጫ፣ የእግር መርገጫ፣ በሰንሰለት የሚሳብ እጀታና ከፊት የሚሽከረከር ጎማ አለው። ብዙዎች ‹‹ሮዊንግ›› ይሉታል፤ እኛ የቀዘፋ ማሽን እንበለው። ጁዶ፣ ጁጂትሱ ወይም ሬስሊንግ ለሚሠሩ ሴቶች ‹‹የላይኛውን አካል ያጠነክራል›› እየተባለ የሚመከረውም ይኸው ማሽን ነው።

ምክሩ ምን ያህል እውነት ነው? ግማሹ እውነት ነው። ማሽኑ ለሳንባና ለጀርባ ትልቅ ነገር ያደርጋል። ለክንድ ጉልበት ግን ብቻውን አይበቃም። ይህን ለይቶ አለማወቅ ደግሞ ለወርሃዊ የጂም ክፍያ ገንዘቧን የምታወጣ ወጣት ሴትን በከንቱ ሊያደክማት ይችላል።

ለምን አሁን?

እስካሁን ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የመጡት ከአትሌቲክስ ነው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ ሲወዳደር በማርሻል አርት መስክ አዲስ በር ተከፍቶ ነበር፤ ቴኳንዶም ቢሆን ግን በዋናነት የእግር ስፖርት ነው። ተጨባብጠው የሚታገሉባቸው ስፖርቶች ውስጥ፣ በተለይ በሴቶች፣ ገና አልገባንበትም።

ሌላው አፍሪካ ግን ቀድሞናል። የሴቶች ጁዶ የሜዳሊያ ውድድር ሆኖ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ሲሆን፣ የሴቶች ሬስሊንግ ደግሞ በ2004 አቴንስ ላይ በአራት የክብደት ደረጃዎች ተጀመረ። አልጄሪያዊቷ ሶራያ ሃዳድ በ2008 ቤጂንግ ላይ በጁዶ ነሐስ ወሰደች። ቱኒዚያዊቷ ማርዋ አምሪ በ2016 ሪዮ ላይ በሬስሊንግ ነሐስ አግኝታ በዚህ ስፖርት ለሜዳሊያ የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ናይጄሪያዊቷ ብለሲንግ ኦቦሩዱዱ ደግሞ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ68 ኪሎ ብር አጠለቀች።

ከሁሉም በላይ ግን የሴኔጋሏ ኢዛቤል ሳምቡ ታሪክ ለኛ ይቀርባል። ሳምቡ የመጣችው ካሳማንስ ከሚባለው የሴኔጋል ደቡባዊ ክፍል ነው። እዚያ በዲዮላ ሕዝብ መንደሮች ሴት ልጆች በባህላዊ ትግል መግጠማቸው የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ ተነስታ የአፍሪካ ሻምፒዮናነትን ደጋግማ ወሰደች፤ በ2012 ለንደን ላይም በ48 ኪሎ አምስተኛ ወጣች። እኛም ጋ ትግል ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው። ልዩነቱ ሰፈር ውስጥ ወንዶቹ ሲተናነቁ ‹‹ጎበዝ!›› የሚል ሰው፣ ሴት ልጅ ስትሞክር ‹‹ምን ሆነሻል አንቺ!›› ማለቱ ላይ ነው።

ለ2026 የተያዘው የዳካር የወጣቶች ኦሎምፒክ፣ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ውድድር እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከ25ቱ የውድድር ስፖርቶች መካከል ጁዶ፣ በአሸዋ ላይ የሚደረግ ሬስሊንግ እና የባህር ዳርቻ ቀዘፋ ይገኙበታል። ቀዘፋና ትግል በአንድ ፕሮግራም ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ስለ ሁለቱ ዝምድና ለማውራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ጉልበቱ ከእግር ነው የሚነሳው

ማሽኑን በሩቅ ያየ ሰው ክንድ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። አሰልጣኞች በልማድ የሚጠቅሱት ስሌት ከአንድ ቀዘፋ ጉልበት 60 በመቶ ያህሉ ከእግር፣ 30 በመቶው ከወገብና ከጀርባ፣ 10 በመቶው ብቻ ከክንድ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ‹‹ክንዴን ላጠንክር›› ብላ የተቀመጠችው ልጅ ሳታውቀው በዋናነት ጭኗን እየሠራች ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የድግግሞሽ ጉዳይ ነው። በደቂቃ 26 ጊዜ የምትቀዝፍ ሴት በ4 ደቂቃ ውስጥ ከ100 ጊዜ በላይ ትስባለች። መቶ ጊዜ መሳብ የሚቻለው ነገር ደግሞ ከባድ አይደለም ማለት ነው። የጡንቻ ጉልበት በደንብ የሚገነባው ከባድ ነገርን ጥቂት ጊዜ፣ ከ3 እስከ 6 ጊዜ፣ አንስቶ በቂ ዕረፍት በመውሰድ ነው። ቀላሉን ነገር መቶ ጊዜ መሳብ የሚገነባው ጽናትን ነው። የኳስ ተጫዋች ሜዳ ሲዞር ስለዋለ የመዝለል ኃይሉ እንደማይጨምር ሁሉ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ ላይ መግፋት የሚባል ነገር የለም። እጅ ሁልጊዜ ይስባል። ታጋይ ግን ትስባለች፣ ትገፋለች፣ ታቅፋለች፣ ታነሳለች፤ ከስር ስትሆን ደግሞ የተጋጣሚዋን ክብደት በክንዷ ታርቃለች። ደረትና የትከሻ ፊት ያልተሠራላት ታጋይ፣ አጥቂ ብቻ ይዞ ያለ ተከላካይ እንደገባ ቡድን ናት።

አራተኛው የመጨበጥ ነገር ነው። የማሽኑ እጀታ ለስላሳና ቀጭን ነው። ጁዶ ላይ የሚያዘው ወፍራም ኮሌታና እጅጌ ነው፤ ሬስሊንግ ላይ ደግሞ ያላበው የሰው አንጓና ክንድ። ኮርነር ሲመታ አጥቂው ማሊያህን ሲጎትትህ የሚሰማህን ኃይል አስብና፣ እሱን ለ4 ደቂቃ ሳያቋርጥ አድርገው። ጣት የሚለምደው የያዘውን ነገር ነው።

ታዲያ ማሽኑ ምን ይጠቅማል?

ይጠቅማል እንጂ! የሲኒየር ጁዶ ግጥሚያ 4 ደቂቃ ነው። ሬስሊንግ ደግሞ ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ ሆኖ በመሃል 30 ሰከንድ ዕረፍት አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እግር፣ ጀርባና ክንድ በአንድነት እየተቃጠሉ ትንፋሽ መቆጣጠር ግድ ነው። ሩጫ ሳንባን ቢያሰፋም ክንድን አያደክምም። የቀዘፋ ማሽን ግን መላ አካልን በአንድ ላይ አድክሞ ‹‹አሁንም ሳቢ›› ይላል። ኮንዲሽን ማለት እንዲህ ነው። በተጨማሪም እንደ ሩጫ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትን አይደበድብም፤ በትግል እግሯን ለተጎዳች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለኛ ከተማ የሚመች ሌላም ጸባይ አለው። በአየር የሚሠራው ዓይነት መብራት አይፈልግም። ጎማውን የሚያዞረው የሰውየው ጉልበት ነው፤ ሰዓትና ርቀት የሚያሳየው ሰሌዳም በባትሪ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ትሬድሚሉ ቀጥ ይላል፣ ቀዛፊዋ ግን ትቀጥላለች።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ከጎማው ጎን ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ማንሻ ይገኛል። ብዙ ሰው 10 ላይ ያደርግና ‹‹ከባድ ነው፣ ያጠነክራል›› ብሎ ያምናል። ማንሻው ግን የብረት ክብደት አይደለም፤ ወደ ጎማው የሚገባውን አየር ነው የሚወስነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አንድ የውጭ አሰልጣኝ ‹‹4 ላይ አድርጉ›› ቢል፣ ያው 4 ቦሌ ላይ ቀለል ብሎ ይገኛል፤ ተመሳሳዩን ክብደት ለማግኘት ማንሻውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሰሌዳው ላይ ‹‹ድራግ ፋክተር›› የሚለውን ቁጥር መመልከት ነው። ለሴቶች ከ110 እስከ 130 አካባቢ የተለመደ ነው። 10 ላይ ሰቅሎ መታገል የሚያተርፈው የወገብ ሕመም ነው።

ሰዓት ማወዳደርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማሽኑ ዋና የመለኪያ ርቀት 2,000 ሜትር ሲሆን የዓለም ምርጥ ሴት ቀዛፊዎች ከ7 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። መቀመጫው ግን የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ማሽኑ ለግዙፎች ያደላል። የኦሎምፒክ ሴቶች ሬስሊንግ ከ50 እስከ 76 ኪሎ በስድስት ደረጃ የተከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። የ50 ኪሎዋን ልጅ ከ76 ኪሎዋ ጋር በማሽን ሰዓት አወዳድሮ ‹‹አንቺ ደካማ ነሽ›› ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የራሷን ያለፈ ወር ሰዓት ብትበልጥ በቂ ነው።

ክንዱ ከየት ይምጣ?

በአማካይ ሲታይ በወንድና በሴት መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ከእግር ይልቅ በክንድና በትከሻ ላይ ይሰፋል። ለዚህ ነው የላይኛው አካል ሥራ ለሴት ታጋይ ቅንጦት ያልሆነው። ደግነቱ፣ ሴቶች በሥልጠና የሚያገኙት ዕድገት ከመነሻቸው አንጻር በመቶኛ ሲሰላ ከወንዶቹ የሚያንስ አይደለም። ‹‹ሴት ክንድ አታወጣም›› የሚለው ወሬ ነው።

መሣሪያውም ውድ አይደለም። ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ብረት ስር ተንጋሎ ደረትን ወደ ብረቱ መሳብ፣ ሲቀል ወደ ፑል አፕ መሸጋገር፣ ቀጥሎ ብረቱ ላይ ወፍራም ፎጣ ጥሎ ፎጣውን ጨብጦ መሳብ። ይህ የመጨረሻው የጁዶ ኮሌታ ከመያዝ ጋር በጣም ይቀራረባል። ለመግፋት ፑሽ አፕና ብረት ወደ ላይ መግፋት አለ። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ደግሞ 20 ኪሎ ነው፤ በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዞ ግቢ ውስጥ መመላለስ ጣትን፣ አንጓንና ትከሻን አንድ ላይ ይሠራል። ጓደኛን አቅፎ ማንሳትና ተሸክሞ መራመድም አለ፤ ይህኛውማ ራሱ ትግል ነው።

ሳምንቱን እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል። ሁለት ቀን ከባድ የጉልበት ሥራ፤ መሳብና መግፋት በእኩል፣ በጥቂት ድግግሞሽ። ሁለት ቀን የቀዘፋ ማሽን፤ አንዱን ቀን እንደ ግጥሚያ 4 ደቂቃ ጠንክሮ ቀዝፎ 4 ደቂቃ ማረፍ፣ ይህንን ሦስት ጊዜ፤ ሌላውን ቀን ደግሞ 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ 30 ሰከንድ ቀስ እያሉ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ። ትግሉ ራሱ ከሁሉም ይቀድማል። አቀዛዘፉ ላይ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፤ ሲሳብ እግር፣ ወገብ፣ ክንድ፤ ሲመለስ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። ቀዛፊዎችን ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የታችኛው ጀርባ ጉዳት ስለሆነ፣ ወገብ ሲጎብጥ ወይም ማመም ሲጀምር ማቆም ነው። ‹‹ትንሽ ልቻለው›› አይሠራም።

ማሽን ወይስ ምንጣፍ?

ዋናው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። የታወቀው የቀዘፋ ማሽን አሜሪካ ውስጥ 1,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል። የማጓጓዣው፣ የቀረጡ፣ እንዲሁም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ሲጨመርበት፣ እዚህ ሲደርስ ዋጋው የት እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም። አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። የትግል ምንጣፍ ግን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስምንት፣ አሥር ልጆች ያሠራል። ምንጣፍ ከሌለ መጣልና መውደቅ መለማመድ አይቻልም፤ መውደቅ ያልተለማመደች ልጅ ደግሞ ታጋይ መሆኗ ይቅርና ደኅንነቷም ያሰጋል።

ስለዚህ ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ አያት የወጣት ማዕከል የሚያደራጅም ሆነ የግል ጂም የሚከፍት ሰው ገንዘቡን ሲመድብ ቅደም ተከተሉን ያስብበት። መጀመሪያ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ፣ ከዚያ ለሴቶች የተለየ ሰዓትና በር ያለው የልብስ መቀየሪያ። ሰዓቱም ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሆን ልጅቷ ታክሲ አግኝታ በሰላም ቤቷ የምትገባበት ይሁን። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ሲመጣም ጥግ ተወሽቆ አቧራ ሳይጠጣ ይሥራ።

ያለውን ማሽን የምትጠቀም ልጅ ደግሞ ትቀጥል። ሳንባዋን ያሰፋላታል፣ ጀርባዋን ያደነድንላታል። ክንዷን ግን ከፎጣው፣ ከብረቱና ከጀሪካኑ ትፈልገው። እናንተም የኳስ ወዳጆች፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የምትታገል ልጅ ስታዩ ለሉሲዎቹ የምታሰሙትን ጭብጨባ ለሷም አትንፈጓት።