የድርጅትን ስም መልአክ አያወጣውም

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ ኡበርን ከስልኬ ካጠፋሁ ቆየሁ። ሊፍት ነው የምጠራው፤ ለሕሊናዬ ብዬ!»

ልጄ፣ ማሰብህ ደስ ይለኛል። ግን ክርክር አለኝ። እዚህ ያመጣሁት ሌሎቻችሁም እንድትሰሙት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ እናስታውስ። በፈረንጆቹ ጥር 2017 ትራምፕ የሰባት አገር ዜጎች አሜሪካ እንዳይገቡ አገደ፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳን ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎች፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች፣ ለተቃውሞ ከኬኔዲ ኤርፖርት ለአንድ ሰዓት ሰው ላለመጫን አደሙ። በዚያው ምሽት ኡበር ከኤርፖርቱ በሚነሳ ጉዞ ላይ የዋጋ ጭማሪውን ማንሳቱን አወጀ። አድማ ለመስበር አይደለም ቢልም ሰው አልሰማውም። ሊፍት ደግሞ ለመብት ተሟጋቹ ኤሲኤልዩ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ኡበር ራሱ በ2019 አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲል ባቀረበው ሰነድ፣ በቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች እንደተውት አምኗል።

ስለዚህ «የኔ አንድ ስልክ ምን ሊያመጣ? ርካሹን እጠራለሁ» የምትሉ ተሳስታችኋል። ደንበኛ ሲቆጣ ድርጅት ይደነግጣል።

ከዚያስ? «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ» ብለን ሊፍትን አጸደቅነው። በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጂዎች እንደ ተቀጣሪ እንዳይቆጠሩ የሚያደርገው ፕሮፖዚሽን 22 እንዲያልፍ ገንዘብ ካፈሰሱት ዋነኞች መካከል ሁለቱም ነበሩ፤ ጎን ለጎን ቆመው! በ2023 የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከነጂዎች ክፍያ አላግባብ ቆርጣችኋል ብሎ ያካሄደውን ምርመራ በስምምነት ለመዝጋት፣ ኡበር 290 ሚሊዮን፣ ሊፍት 38 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የድርጅትን ስም ግን የሚያወጣው የማስታወቂያ ክፍሉ ነው። በአደባባይ የሰጠውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከነጂው የቆረጠውንስ?

ደግሞ የሚመጣልህን መኪና የፊት መስታወት እየው። ብዙ ጊዜ የሁለቱም ምልክት ተለጥፎበታል። ያው መኪና፣ ያው ሰው። ዲሲ ላይ ደግሞ ያ ሰው የኛው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰላምታ ስጠውና «ጋሼ፣ ከምከፍለው ስንቱ ነው እጅዎ የሚገባው?» ብለህ ጠይቅ። ለሁለቱም ስለሚሠራ አወዳድሮ ይነግርሃል።

አዲስ አበባ ያላችሁም እንደዚያው ጠይቁ። ለነጂው የተሻለ የሚያስቀረውን ጥሩ፤ ነገ ነገሩ ከተገለበጠ እናንተም ተገልበጡ። ብቻ አንዴ ተቆጥቶ መተግበሪያ አጥፍቶ፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሳይጠይቁ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው ማለት አይሆንም።