ቤት የሚጀምረው ከዋልካው ሥር ነው

ወረታ ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። ስንት ጌጅ እንደሆነ፣ ባለቀለም መሆን አለመሆኑ፣ ክዳኑ ስንት እንደፈጀ ይጠየቃል። መሠረቱ ምን ያህል እንደወረደ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። በዚህ በፎገራ ሜዳ ላይ ቤት ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብህንም ጉልበትህንም መጀመሪያ መሬት ውስጥ ቅበረው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ሲወርዱ ለብዙ ዘመናት ደለላቸውን የፎገራ ሜዳ ላይ ሲያራግፉ ኖረዋል። ያ ደለል ጥቁር፣ ከባድና ተጣባቂ ዋልካ ሆኗል። የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል የሚሉት ይህ አፈር በኢትዮጵያ 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በመጋቢት ወረታ ዙሪያ ባለ ማሳ ያለፈ ሰው እጁን እስከ ክርኑ የሚያስገባበት ስንጥቅ ያገኛል። በነሐሴ እዚያው ቦታ ላይ ጫማው ተውጦ ይቀራል። ሩዝ ይህን መሬት የወደደው ውኃ ስለሚይዝለት ነው፤ ቤት የሚቸገረውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሩዙ ራሱ በግንባታው ውስጥ እጁ አለበት። በ1970ዎቹ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ የአካባቢውን ኑሮ ለውጦታል። ሣር ክዳን የነበረው ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፤ ከሜዳው ቀበሌዎች ብዙ ገበሬ ወረታ ላይ ቦታ ይዞ ቤት ሠራ። ይህ የሚያስደስት ለውጥ ነው። ነገር ግን የሩዙ ገንዘብ እጅ የሚገባው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ስለሆነ ቁፋሮው የሚጀመረው በታኅሣሥና በጥር ነው። ያኔ ዋልካው ደርቆና ተኮማትሮ ይገኛል። ዶማ አላስገባ ሲል «መሬቱ ጽኑ ነው» ይባልና ጉድጓዱ ጉልበት ሳይደርስ ድንጋይ ይደረደርበታል። በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ያ የተኮማተረ አፈር ማበጥ ይጀምራል፤ ግድግዳውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። የቤቱ ዙሪያ ቶሎ ይርሳል፣ መሐሉ ጣሪያው ስለሚከልለው ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ቤቱ በሙሉ በአንድ ልክ ቢነሣ ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ግድግዳ የሚሰነጥቀው አንዱ ወገን ተነሥቶ ሌላው ሲቀር ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ አንድ ወዳጄ አዲሱን የብሎኬት ቤቱን አስጎበኘኝ። ሳሎኑ ነጭ ተቀብቶ ያምራል። ከመስኮቱ የላይ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ ግን አለ፤ ከታችኛው ጥግም ሌላ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በሲሚንቶ አስደፍኖት ነበር፤ በዚያው መስመር ተመልሶ ተከፈተ። የመኝታ ቤቱ በር በነሐሴ አልዘጋ ስለሚል አናጺ ተጠርቶ ይላገዋል፤ በየካቲት ደግሞ በበሩና በመቃኑ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። ወዳጄ ግንበኛውን ይወቅሳል፤ ግንበኛው ሲሚንቶውን። የብሎኬቱ ድርድር ግን በቱንቢ የተጠበቀ ቀጥ ያለ ሥራ ነው፤ እኔ ጉድለት አላየሁበትም። ችግሩ ማንም ከማያየው ቦታ፣ ከወለሉ ሥር ነው።

እኔና ባለቤቴ ከወንድሜ ጋር ሆነን ቤታችንን በራሳችን እጅ ለመሥራት ስንነሣ አጎቴ ከደራ መጡልን። ዕድሜያቸውን በአናጺነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ገመድ ሳይዘረጋ፣ ካስማ ሳይተከል በፊት አንድ የሙከራ ጉድጓድ ብቻ አስቆፈሩን። ቦታችን በደብረ ታቦር መውጫ በኩል፣ ወደ ኮረብታው ጠጋ ያለ ነው። ደረት ድረስ ስንወርድ ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠጠር የበዛበት ቡናማ መሬት መጣ። አጎቴ ጎንበስ ብለው ከጥቁሩም ከቡናማውም እየቆነጠሩ አሹት፤ ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ዋልካውን ሳታወጣ ድንጋይ ብትደረድርበት ክረምቱ ያወጣልሃል» አሉኝ።

ቁፋሮው የሚያንገፈግፍ ሥራ ነው። ደረቅ ዋልካ ዶማ ይመልሳል፤ እርጥቡ አካፋ ላይ ተለጥፎ አልወርድ ይላል። ግማሽ ላይ እንደደረስን በሚያዝያ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ጉድጓዱ ሞላ፣ ጠርዙም ተናደ። ወንድሜ ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ። ባለቤቴ ግን ውኃው የገባበትን አቅጣጫ በእግሯ እየተከተለች ሄዳ፣ ከቦታችን በላይ ያለው አሮጌ የማሳ ቦይ ወደ እኛ እንደሚያፈስ አገኘች። «ቤቱ ቆሞ ቢሆን ይህን የምናውቀው ግድግዳው ሲወድቅ ነበር» አለችን። በማግሥቱ ድንጋዩን ትተን መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊሠራ ለሚነሣ ወዳጅ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የውኃው መውጫ ከመሠረቱ ይቅደም።

ወደ ሜዳው መሐል ለገቡት ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ዋልካው ሜትሮች ስለሚወርድ ጠርጎ ማውጣት አይታሰብም። የተቻለውን ያህል አውጥቶ በምትኩ የማያብጥ ገረጋንቲ እየሞሉ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውኃ እያርከፈከፉ መጠቅጠቅ፣ በላዩ ላይ ግድግዳውን በአንድነት የሚያስር በፌሮ የታሰረ ግሬድ ቢም ማፍሰስ ያስፈልጋል። በቤቱ ዙሪያ ደግሞ ቢያንስ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ቢኖር የጣሪያው ውኃ መሠረቱ ሥር አይሰርግም። ባህር ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ መትከል ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ሥሩ በበጋ እርጥበቱን እየመጠጠ አፈሩን ይበልጥ ያኮማትረዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ሆኖም ባለ ጥሩ ጌጅ ቆርቆሮ ለመግዛት ከመሠረቱ ላይ ሲቀነስ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው። ቆርቆሮ በኋላ ይቀየራል። መሠረት ቤቱ ካለቀ በኋላ ልቀይረው ቢሉት ቤቱን ከማፍረስ ብዙም አይለይም።

ስለ አሸዋም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ የሚመጣው ብዙው ከርብ ነው፤ አንዳንዱ ጭነት ንጹሕ ነው፣ አንዳንዱ ደለል ይበዛበታል። ከመቀበላችሁ በፊት በአንድ ሃይላንድ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ውኃ አድርጋችሁ ነቅንቃችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የተኛው ጭቃ ወፍራም ከሆነ አሸዋው ሳይታጠብ ሲሚንቶ አይነካውም። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ሰው በየሱቁ ሲለምን የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ፣ በዚያ ስንከራተት ያገኘሁትን ሲሚንቶ በቆሻሻ አሸዋ አላባክንም ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ጭነት የሚቀርበት ሳምንት ስላለ አንድ ከረጢትም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከመሠረቱ በላይ ብሎኬት አልደረደርንም። ድንጋዩን ከመሬት በላይ ወገብ ድረስ ካወጣነው በኋላ በእንጨትና በጭቃ ሠራን። ብዙ ሰው «አቅም አንሷቸው ነው» ብሎናል። እኔ ግን በዚህ መሬት ላይ ጭቃ ቤት የብልህ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ቋሚና ማገር በሚስማር የተያያዘ ስለሆነ መሬቱ ትንሽ ሲነሣ አብሮ እጥፍ ዘርጋ ይላል፤ የሚሰነጠቀው ምርጊቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ከመስቀል በኋላ በጭቃና በእበት ደግሞ መለቅለቅ ይቻላል። ብሎኬት እጥፍ ዘርጋ ማለት አያውቅም፤ ጸንቶ ይቆማል ወይም ይሰነጠቃል።

ጭቃ ቤት ማለት ግን እንዳገኙ መሥራት ማለት አይደለም። አጎቴ የባህር ዛፉን ቋሚ በድንጋዩ ውስጥ የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ላይ እያገላበጡ ላዩ ከሰል እስኪሆን ጠበሱት፤ ሲበርድ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት። ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለምርጊት ዋልካ አልነካንም፤ ሲደርቅ ተፈረካክሶ ይወርዳል። ቀዩን አፈር ከኮረብታው በኩል በጋሪ አስመጣን፣ የጤፍ ጭድ እየነሰነስን በእግር ረገጥነው፣ እስኪበስል ድረስ ውኃ እየጨመርን በየቀኑ እየረገጥን አቆየነው። የበሰለ ጭቃ ይሸታል፤ ሲጨብጡት ይለጠጣል እንጂ አይቆረጥም። የምርጊቱ ቀን ጎረቤት በደቦ ወጣልን። ወጣቶቹ ጭቃውን እየደበለበሉ ከውስጥም ከውጭም ሲመርጉ፣ እናቶች ጠላና ንፍሮ ሲያዞሩ፣ ልጆች ጭድ ሲያቀብሉ ዋሉ። ማታ ላይ ማገሩ ሁሉ ተሸፍኖ ቤቱ ቤት መስሎ ሲታይ የተሰማኝን ደስታ በገንዘብ ያሠራሁት ቤት ይሰጠኛል ብዬ አላስብም።

በጭቃ መሥራት ያሳፍራል ለሚል ሰው አውራ አምባ ሩቅ አይደለችም፤ እዚሁ ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ናት። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ማኅበረሰብ ሴትና ወንድ ሳይል በጋራ ይሠራል፤ ጭቃውን ለግድግዳ ብቻ ሳይሆን ለመቀመጫ፣ ለመደርደሪያና ጭስ ለሚቀንስ ምድጃ አውሎታል። ከሀገር ውጭም ቢሆን ቡርኪና ፋሶያዊው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር በፈረንጆች 2001 ያስጨረሰው ትምህርት ቤት በመንደሩ ሰዎች ጉልበት፣ በዋናነት ከሸክላ አፈር የተሠራ ነው። ሙቀቱ እንዲወጣ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ አቆመው። በ2022 የዓለም የሥነ ሕንፃ ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ለይቶ ማንሣት ለወረታ የመጋቢት ሙቀት ይበጃል፤ እኛም በቅናሽ አጣና ሞክረነው ሳሎናችን ቀን ቀን ያስቀምጣል።

ጭቃ የማያድነው አንድ ነገር ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ናበጋ፣ ሽና፣ ዋገጠራ ያሉ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስቡት ይህንኑ ነው። እዚያ ጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይሟሟል፤ ስለዚህ የድንጋይ መሠረቱ የጎርፉ ምልክት ከደረሰበት በላይ መውጣት አለበት። የአካባቢ ሽማግሌዎች ውኃው እስከ የት እንደደረሰ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ከማንኛውም ካርታ በፊት እነሱን መጠየቅ ነው። የቀድሞዎቹ ነገሥታት ይህን ያወቁ ይመስለኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራን ቤተ መንግሥት ያሠሩት እንፍራዝ አጠገብ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሜዳው ከበታቹ ተዘርግቶ እያለ።

ከከተማ አስተዳደር የምጠይቀውም ቀላል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ትንንሾቹን ባለ አንድ ወለል ቤቶች በቀላሉ ምድብ አስቀመጣቸው። ለፎቅ የአፈር ምርመራ ይደረጋል፤ ለአንድ ወለል ቤት ሲያስደርግ ያየሁት ሰው ግን የለም። የአብዛኛው ሰው ጥሪት የሚፈስሰው ደግሞ በዚያች ባለ አንድ ወለል ቤት ላይ ነው። ቦታ የሚረከብ ሰው ከካርታው ጋር አንዲት ገጽ መመሪያ ቢሰጠው፣ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሚያይለት አንድ ባለሙያ ቢመደብለት ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም የግንባታ ትምህርታቸውን በፎገራ መሬት ላይ፣ በነባር አናጺዎችና ግንበኞች አጠገብ ቢማሩ ሁለቱም ያተርፋሉ። እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት በየትም አልተጻፈም፤ እጃቸው ሲደክም አብሮ ያልቃል።

የኛ ቤት ገና አላለቀም። ሁለት ክፍል ክዳን አግኝቶ ገብተንበታል፤ ማድ ቤቱ ይቀራል። ቁፋሮውን ጥር ላይ እንጀምራለን፤ አጎቴ ካሁኑ ድንጋይ እየመረጡ ነው። ዘንድሮ ቦታ ይዞ ቤት ሊጀምር ያሰበ ሰው ካለ፣ ሞልተን ከመድፈናችን በፊት መጥቶ ጉድጓዱን ይይ። ዋልካው የት ላይ እንደሚያልቅ በዓይኑ ያያል፤ የራሱን ቦታ ጥልቀት ለመለካት ምን ዓይነት ጉድጓድ እንደሚያስፈልገውም አጎቴ ያሳዩታል።