ከባሕር ወለል ሥር ያለው መስመር የኛም ሥራ ነው

እኛ ገሚሶቻችን ከኢትዮጵያ የመጣን፣ ገሚሶቻችን እዚሁ እስራኤል ቲራት ካርሜል የተወለድን ነን። በስተምዕራብ በየቀኑ የምናየው ባሕር ዛሬ አንድም የነፋስ ተርባይን አልተተከለበትም። የሚተከል ዕለት ልጆቻችን ከስሌቱ ጠረጴዛ እንዳይጠፉ ተነስተናል።

ሰው የሚያየው የሚሽከረከረውን ክንፍ ነው። ገንዘብ ሳይታይ የሚቀልጠው ግን ተርባይን ከተርባይን በሚያያይዘው ኬብልም ነው። በጣሊያን ታራንቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ የሜዲትራኒያን የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ 10 ተርባይኖች አሉት። አሥር ተርባይንና አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለ ቀለበት ለማያያዝ 2,357,947,691 መንገዶች አሉ። ከዚህ ሁሉ የቱ ይሻላል?

ቼኩ የሒሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩቭካ በ1926 እ.ኤ.አ. ለሞራቪያ የኤሌክትሪክ መስመር አጭሩን መረብ የማግኛ ዘዴ አወጣ። ባሕር ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም። አንድ ኬብል የሚችለው የተወሰነ ተርባይን ነው፤ ኬብል በኬብል ላይ እንዲያልፍም አይፈለግም፤ መስመሩ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ከወዲያ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። በዚያ ላይ ቀጭን ኬብል ሲገዙት ይረክሳል እንጂ ኋላ ያስከፍላል፤ ኬብሉ በቀጠነ ቁጥር የሚባክነው ኃይል ይበዛልና። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚባክነው አራት እጥፍ ነው። የባሕር ላይ ማመንጫዎች ከ33 ወደ 66 ኪሎ ቮልት የተሻገሩት ለዚህ ነው፦ ለዚያው ኃይል ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አገር ቤት ባሕር የለም። ስሌቱ ግን ያው ነው፦ የነፋስ ማመንጫዎቹ አሸጎዳ 84፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ እነሱም ይያያዛሉ። እዚህ የተማረ ልጅ እዚያም ይጠቅማል።

ስለዚህ ለመምህራን እንላለን፦ ልጆቻችንን ሳትሞክሯቸው ዝቅተኛው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ፣ ሦስት ዩኒት፣ ይበቃቸዋል አትበሉን፤ ከፍተኛውን፣ አምስቱን ዩኒት፣ አስተምሯቸው። የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ካርሜል ተራራ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ ቁልቁል ወርደው ከኛ ልጆች ጋር ይቀመጡ። እኛ ወላጆች በበኩላችን ሰንበት ሲወጣ አዳራሹን እንከፍታለን፤ ወረቀት ላይ አሥር ነጥብ አድርገን፣ አንድ ኬብል ከአምስት ተርባይን በላይ አይሸከም ብለን፣ ማን ባነሰ ወጪ እንደሚያያይዝ ልጆቹን እናፎካክራለን።

ይህን ባሕር ለነፋስ ኃይል የሚያጠኑ ሁሉ ደግሞ የወለሉን ጥልቀትና ያሰቡትን የኬብል ካርታ ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ልጆቻችን አስልተው የተሻለ መስመር ካቀረቡ በጽሑፍ መልስ ይስጧቸው።