የድሮ የተኩስ ጌሞች፣ የመሣሪያ ምርጫ እና ቤት ውስጥ ያለው እውነተኛው ጠብመንጃ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከእናቶች ናቸው፤ ይዘታቸውም ይመሳሰላል። «ዶክተር፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ሲተኩስ ነው የሚያመሸው። ነገ ሰው የሚገድል ይሆንብኝ ይሆን?»

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጌም ልጅን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል ብዬ አላምንም። እንዲያውም ለደረሰ ልጅ ከሆነ፣ የድሮዎቹ የተኩስ ጌሞች ዛሬ በስልክ ከሚጫኑት የተሻሉ ናቸው ባይ ነኝ። የሚያሳስበኝ ነገር ሌላ ነው፤ እሱም ስክሪኑ ላይ ያለ አይደለም። እደርስበታለሁ።

«የድሮ» የምላቸው ከ1992 እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የወጡትን፣ በተኳሹ ዓይን እያየን የምንጫወታቸውን ነው። ክብደት ስለሌላቸው በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይሠራሉ፤ በፍላሽ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራሉ። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ተራ እየጠበቅን ተጫውተናቸዋል። ሴቶቹም ጭምር!

ብዙ ወላጅ ከልጁ ጀርባ ቆሞ ሲመለከት የሚታየው ጠብመንጃ፣ ደምና ጩኸት ብቻ ነው። ልጁ ግን በዚያች ቅጽበት እያሰበ ያለው «አሁን የቱን መሣሪያ ላውጣ? ስንት ጥይት ቀረኝ?» የሚለውን ነው።

እስቲ ትንሽ ላብራራው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዎልፈንስታይን አራት መሣሪያ አለው፦ ቢላ፣ ሽጉጥ፣ አውቶማቲክ ጠብመንጃ እና ትልቅ መትረየስ። ተኳሾቹ ሦስቱ የሚጠጡት ከአንድ የጥይት ክምችት ነው። ስለዚህ ትልቁን አንዴ ካገኘህ ምርጫ የሚባል ነገር ብዙም አይቀርህም። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1993፣ እነዚያው ሰዎች ዱምን አወጡ፤ ነገሩም ተለወጠ። ሽጉጡና መትረየሱ ተራ ጥይት ይጋራሉ። ሾትጋኑ የራሱ ጥይት አለው። ሮኬቱም እንዲሁ። ሁለቱ ትላልቅ መሣሪያዎች ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል ነው የሚሠሩት፤ ከሁለቱ ትልቁ ቢ ኤፍ ጂ በአንድ ተኩስ 40 የኃይል ነጥብ ይበላል። እንጨት መቁረጫ ሞተር መጋዝም አለ፤ ጥይት አይፈልግም፣ ግን ጠላትህ ሥር ድረስ መቅረብ ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአእምሮ ሥራ ነው። በጥርሱ ብቻ የሚናከሰውን ሮዝ አውሬ በመጋዙ ትጨርሰውና ጥይትህን ትቆጥባለህ። ሮኬት ብዙ ጠላት በአንዴ ይጥላል፤ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ከተኮስከው ግን ፍንዳታው ራስህን ይመታሃል። ሾትጋን በቅርብ ርቀት እንደ መዶሻ ነው፣ ሲርቅ ፍሬው ይበተናል። ጎበዝ ተጫዋች ደግሞ ጭራሽ ሳይተኩስ ሁለት ዓይነት ጠላቶች መካከል ይቆማል፤ የአንዱ ተኩስ ሌላውን ሲመታው እርስ በርስ ይጣላሉ፣ እሱ ዳር ቆሞ ያያል።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንቲባዮቲክ ነው። ለእያንዳንዱ ጀርም የሚስማማው መድኃኒት አለ፤ ጠንካራውን ለቀላሉ ካባከንከው ትልቁ በሽታ ሲመጣ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ለጉንፋን ሴፍትሪያክሶን ካልወጋሽኝ ብለው የሚቆጡኝ ታካሚዎቼ ዱምን አንድ ወር ቢጫወቱ ደስ ባለኝ።

በ1996 የወጣው ኩዌክ ላይ መብረቅ የሚተፋ መሣሪያ አለ። ከጌሙ በጣም ኃይለኛው ነው፤ ውኃ ውስጥ ገብተህ ከተኮስከው ግን የሚገድለው አንተን ነው። ማንም አይነግርህም፤ አንዴ ሞተህ ትማራለህ። በ2000 የወጣው አይ ጂ አይ ደግሞ ስለ ድምፅ ነው። ድምፅ በማያሰማ መሣሪያ ቀስ ብለህ ብትሄድ ጠባቂዎቹ አይነቁም፤ በክላሽ ከከፈትከው ሰፈሩ በሙሉ ይመጣብሃል። በተልዕኮው መሐል ሴቭ ማድረግም የለም። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ልጃችሁ «አንድ ደቂቃ ብቻ!» እያለ ሲለምናችሁ ሶኬቱን ከነቀላችሁበት የአንድ ሰዓት ልፋቱ ዜሮ ሆኗል ማለት ነው። ለጠቡ ግማሽ ምክንያት ይኼ ነው። ከሰዓት ይልቅ በደረጃ ተስማሙ፦ «ይህን ተልዕኮ ስትጨርስ ትነሣለህ።»

ካውንተር ስትራይክም በየዙሩ ገንዘብ ይሰጥና መሣሪያ ግዛ ይላል። ከሞትክ የገዛኸው ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ ዙር ቡድኑ በሙሉ ተስማምቶ በሽጉጥ ብቻ ይገባል፤ ለቀጣዩ ዙር ለመቆጠብ። የ15 ዓመት ልጆች ተነጋግረው ዛሬ የሚያጡትን ለነገ ሲያስቡ ማየት እኔን ያስደስተኛል። እቁብ እንኳን አንዳንዴ እንዲህ አይሰምርም!

አሁን በስልክ ከሚጫኑት ብዙዎቹ ግን ምን ያደርጋሉ? ፍሪ ፋየርን ብንወስድ የጠብመንጃ ቀለምና ልብስ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ አንዳንዱ የጠብመንጃ ቀለም የመሣሪያውን ጉልበት ጭምር ይቀይራል። ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ዕጣም አለ። ጌሙ መጨረሻ የለውም፤ ዛሬ ብትቀር ሽልማት ያመልጥሃል ይልሃል። ዱም ላይ መሣሪያው መሬት ላይ ተጥሎ ለሁሉም እኩል ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ክፍል በ9 ደረጃ ያልቃል፣ አበቃ። የሚያልቅ ነገር ለልጅም ለወላጅም ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዱምም ኩዌክም በአሜሪካው የዕድሜ ደረጃ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብለው የተመደቡ ናቸው፤ ደም አለባቸው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ጎረምሶች ነው። የ7 ዓመት ልጃችሁን «ዶክተሯ ፈቅዳለች» ብላችሁ እንዳታስቀምጡት።

ጥናቱ ምን ይላል ለምትሉ፦ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ያወጣው አቋም የኃይል ጌሞች እንደ መጮህና መገፍተር ካሉ ትናንሽ ጠበኛ ባሕርያት ጋር ትንሽ ግንኙነት አላቸው፤ ከከባድ ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ የለም የሚል ነው። በሌላ በኩል በ2003 ኔቸር የተባለው መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት የተኩስ ጌም በቀን አንድ ሰዓት ለ10 ቀን የተለማመዱ ሰዎች፣ ቴትሪስ ከተጫወቱት ይልቅ የዓይን ትኩረታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ሒሳብ ላይ ይጎብዛል ማለት አይደለም፤ ልጆች ይህን አንቀጽ ለእናታችሁ እንዳታሳዩ።

ከሰውነት ጤና አንጻር ሁለት ነገር ብቻ ልበል። እነዚህን ጌሞች ሲጫወቱ ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ የሚያቅለሸልሻቸው፣ የሚያስመልሳቸው ልጆች አሉ። ቤት ውስጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሻል። ምክንያቱ ዓይን «እየሮጥኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቁጭ ብያለሁ» ስለሚል ነው፤ መኪና ውስጥ እንደሚያስመልሰው ማለት ነው። ማቆም፣ ክፍሉን ማብራት፣ ከስክሪኑ ራቅ ማለት ይበቃል። ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበት ግን ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን አንዳንዶችን ሊያስነሣባቸው ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ሌላው እንቅልፍ ነው፤ ለጎረምሳ ከ8 ሰዓት ማነስ የለበትም፣ ከእንቅልፍ በፊት ያለችው አንድ ሰዓትም ከጌም ነጻ ትሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ጌሙ መሣሪያ መምረጥን ያስተምራል፤ መሣሪያ ምን እንደሆነ ግን አያስተምርም። ዱም ላይ ጠብመንጃ መሬት ላይ ታገኛለህ፣ ትረግጠዋለህ፣ ያንተ ይሆናል። ጥይት ማጉረስ የለም። ስትመታ ደግሞ ነጭ ሣጥን ታነሣለህ፤ ጤናህ በዚያችው ቅጽበት 25 ይጨምራል። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሣጥን የለኝም። በእውነተኛው ዓለም ጭን ላይ የገባች አንዲት ጥይት ትልቁን የደም ሥር ከመታች ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። አጥንት ከሰበረች ወራት መተኛት ነው። ከሻኪሶ ተነሥቶ ወደ አዶላ፣ ካስፈለገም እስከ ሐዋሳ መሄድ ያለበትን መንገድ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። (አደጋው ከደረሰ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ተጭናችሁ ሳትለቁ አምጡልን፤ ቡና ወይም አፈር አትነስንሱበት።)

በአካባቢያችን ከብት ባለበት፣ ወርቅ ባለበት፣ ገጠር ወገን ባለበት ብዙ ቤት ጠብመንጃ አለ። የፈቃዱ ጉዳይ የሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ እሱን ለሚመለከተው እተወዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ የት እንደሚቀመጥ ነው። ከአልጋ ሥር? ቁም ሳጥን ላይ? ግድግዳ ላይ ካዝናው እንደገባ ተሰቅሎ? «ልጆቹ ያለበትን አያውቁትም» ትሉኛላችሁ። ያውቁታል። የከረሜላውንም ቦታ ያውቁታል።

በ2019 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆነ ከ200 በላይ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ማይንክራፍት ተጫወቱ ወይም ሲጫወት አዩ፤ አንዳንዶቹ ጠብመንጃ ያለበትን፣ ሌሎቹ ሰይፍ ያለበትን፣ የቀሩት ምንም መሣሪያ የሌለበትን። ከዚያ መጫወቻ ባለበት ክፍል ብቻቸውን ተተዉ። እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይተኩሱ የተደረጉ እውነተኛ ሽጉጦች ተቀምጠው ነበር። የጠብመንጃውን ጌም ካዩት ከ10 ስድስቱ ያህል ሽጉጡን ነኩት፤ ቃታውን ወደ ራሳቸው ወይም ወደ ጓደኛቸው አዙረው የሳቡትም ከሌሎቹ ይበዛሉ።

ሰዎች ይህን ጥናት ሲጠቅሱ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ቀጣዩ ቁጥር ነው፦ መሣሪያ የሌለበትን ሰላማዊ ጌም ከተጫወቱትም ከ10 ከአራት በላይ የሚሆኑት ነክተውታል። ጌሙን ብትከለክሉ የምታገኙት ልዩነት ይህን ያህል ነው። ሽጉጡ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ግን የሁሉም ዜሮ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ጌሙን ለመዝጋት ከመሮጣችሁ በፊት ቤት ያለውን ዝጉት። ያጎረሰ ጠብመንጃ ቤት አይደር። ካዝናው ወጥቶ፣ ጥይቱ ተለይቶ በሌላ ቦታ፣ ሁለቱም ተቆልፎባቸው፣ ቁልፉ አባት ኪስ ወይም እናት አንገት ላይ። «ሌባ ቢመጣስ?» የሚሉኝ አባቶች አሉ፤ ስጋታችሁ ይገባኛል። ግን ሌባ የሚመጣው አንድ ሌሊት ነው፤ ልጁ በየቀኑ እዚያ ቤት ነው ያለው።

ከዚያ ልጁ አጠገብ ቁጭ በሉና አስጫውቱት። «ለምን ሾትጋኑን መረጥክ? ሮኬቱን ለምን አልተኮስክም?» በሉት። በደስታ ያብራራላችኋል፤ ስለ ትምህርቱ በዓመት ያልነገራችሁን ያህል ይነግራችኋል። እዚያው መሐል ጣልቃ ግቡ፦ «እዚህ ጤናህ 25 ጨመረ፤ በእውነት የተመታ ሰው ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ቀጥሎም «የሆነ ቦታ እውነተኛ ጠብመንጃ ብታይ ምን ታደርጋለህ?» መልሱን አስጠኑት፦ አልነካም፣ ከክፍሉ እወጣለሁ፣ ለትልቅ ሰው እናገራለሁ። ጓደኛው «ባዶ ነው» ቢለውም።

ትምህርት ሲዘጋ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ገጠር አያት ወይም አጎት ቤት ትልካላችሁ። ከመላካችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ጠብመንጃዎን የት ነው የሚያስቀምጡት? ልጁ እዚያ እስኪቆይ ቆልፈው ቢያኖሩልኝ።» መጠየቁ ያሳፍራል፤ የሚቀየሙም ይኖራሉ። «ዶክተሯ ጠይቂ ብላኝ ነው» በሉና በእኔ አሳብቡ።