በሌሊት በራዲዮ ስለሚሰማው እንግዳ ድምፅና ስለ አየር ጠባይ ወሬ

ራዲዮ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሌሊት መርፌውን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲያዞር በመካከል የሚያጋጥመውን እንግዳ ድምፅ ያውቀዋል። አንዱ እንደ ወፍ ይንጫጫል፤ አንዱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንደቀደቃል፤ ሌላውም ምጣድ እንደሚፍቅ ሰው ሳያቋርጥ ይፍቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የራዲዮው ሕመም ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በአጭር ሞገድ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ፥ የሰሙበትንም ሰዓትና የሞገዱን ቁጥር በደብተር የሚጽፉ፥ ለዚህም ድካማቸው ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ድምፅ የማን ነው?» የሚል ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በዛሬው ገጻችን ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ አየር ጠባይ ወሬ ጥቂት እንነግራችኋለን፤ የምንጀምረውም ራሳችን ከተሳሳትንበት ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በኔዘርላንድስ አገር በኤንስኬዴ ከተማ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ዓ.ም. አንድ የራዲዮ መቀበያ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ማንም ሰው በኢንተርኔት አማካይነት በቤቱ ተቀምጦ የዚያን መቀበያ መርፌ ሊያዞርና በአውሮፓ ሰማይ የሚተላለፈውን ሊሰማ ይችላል። እኛም አንድ ምሽት ከልጆቻችን ጋራ ስናዳምጥ፥ በ10100.8 ኪሎ ሄርዝ ላይ በሁለት ቃና እየተለዋወጠ ያለ ዕረፍት የሚርገበገብ ድምፅ አገኘን። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ወዳጃችን፥ ይህ ፊደልን ወደ ድምፅ ለውጦ የሚልክ የቴሌታይፕ ድምፅ መሆኑንና ኮምፒውተርም ሊፈታው የሚችል መሆኑን ነገረን። እንዲህም አደረግን። ከገጹ ላይ የወጣው ግን ቃል አልነበረም፤ አምስት አምስት ሆነው የተሰለፉ አኃዞች መስመር በመስመር ይወርዱ ጀመር።

በዚያን ጊዜ በአሳባችን የመጣው ሰላይ ነው። ይህም አሳብ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። መንግሥታት ለሰላዮቻቸው በአጭር ሞገድ አኃዝ እያነበቡ ትእዛዝ ሲልኩ የኖሩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ተይዘው በ2001 ዓ.ም. በማያሚ የተፈረደባቸው የኩባ ሰዎች ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት በዚህ ዓይነት መሆኑ በፍርድ ቤት ፊት ተገልጧል። ስለዚህ እኛ የሰላዮችን ድምፅ በጆሮአችን ሰማን ብለን ለዚህ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ጀምረን ነበር። ሁለት ገጽም ያህል ጽፈናል። ያን ጽሑፍ አትመነው ቢሆን ኖሮ፥ አንድን ቅን መሥሪያ ቤት በአደባባይ በሐሰት ወንጅለን ነበር።

ከዚህ ያዳነችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ናት። የዛሬውን ወረቀት ከትናንቱ ጋራ ጎን ለጎን አኑራ ስታስተያይ ቆየችና፥ «አባባ፥ በየመስመሩ መጀመሪያ ያሉት ቁጥሮች እኮ ትናንትም እነዚሁ ነበሩ፤ ተራቸውም አልተለወጠም፤ የተለወጡት ከኋላ ያሉት ብቻ ናቸው» አለችን። እኛም ተመለከትን፤ እንዳለችው ነበር። ምስጢር የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው እንዲህ ያለውን መደጋገም ነው። በየቀኑ በአንድ ተራ የሚጠራ ስም፥ ከስሙም አጠገብ በየቀኑ የሚለዋወጥ ልክ ካለ፥ ይህ መዝገብ እንጂ ምስጢር አይደለም።

መዝገቡም የአየር ጠባይ መዝገብ ነበር። በዓለም ላይ የአየር ጠባይ የሚለካባቸው ስፍራዎች እያንዳንዳቸው የአምስት አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች አገሩን ወይም አውራጃውን፥ የቀሩት ሦስቱ ስፍራውን ያመለክታሉ። በ10 የሚጀምር ጀርመን ነው፤ 10147 ሐምቡርግ ነው። በ03 የሚጀምር ብሪታንያና አይርላንድ ነው። ከስፍራው ቁጥር ቀጥሎ ስለ ደመና፥ ስለ ነፋስ፥ ስለ ሙቀት፥ ስለ አየር ክብደት የሚናገሩ አኃዞች በተራቸው ይመጣሉ። ለምሳሌ የሙቀቱ ክፍል በ1 ይጀምራል፤ ቀጥሎ 0 ቢሆን ከዜሮ በላይ፥ 1 ቢሆን ከዜሮ በታች ማለት ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ልኩን ይናገራሉ። ስለዚህ 10183 ማለት 18.3 ዲግሪ ሙቀት ነው። የሐምቡርግም ቁጥር የሙቀቱም ቁጥር ሁለቱም በ10 ስለሚጀምሩ፥ በመጀመሪያው ቀን አንዱን ካንዱ እያምታታን ብዙ ደከምን፤ የሚለየው በመስመሩ ውስጥ ያለበት ስፍራ ነው እንጂ መልኩ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ቁጥር 63 ሲሆን፥ የአዲስ አበባ የቦሌ ጣቢያ ቁጥር 63450 ነው። የምንኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ስም እንዳለው እስከዚያ ቀን ድረስ አናውቅም ነበር።

የቀረው የላኪውን ማንነት ማወቅ ነበር፤ ለዚህም ከመታገሥ በቀር ሌላ ጥበብ አላስፈለገም። አኃዙ ተጨርሶ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቅን። በዚያን ጊዜ ላኪው «ለሁሉም፥ ለሁሉም» በሚል ምልክት ጀምሮ፥ ዲ ዲ ኬ 2፥ ዲ ዲ ኤች 7፥ ዲ ዲ ኬ 9 የሚሉትን የጥሪ ስሞቹን፥ 4583፥ 7646 እና 10100.8 ኪሎ ሄርዝ የሚሉትንም የሞገድ ቁጥሮቹን እየደጋገመ ጻፈ። ከሐምቡርግ አጠገብ በፒኔበርግ የቆመ የጀርመን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ጣቢያ ነው፤ ለመርከበኞች ወሬ ሲያሰራጭ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። ከስሙ ቀጥሎ አር እና ዋይ የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ ብዙ ጊዜ ያከታትላል። ይህን ያየ ሰው ዕብደት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን በቴሌታይፕ ፊደል ውስጥ እነዚህ ሁለቱ በአምስቱም ምልክት ፍጹም ተቃራኒዎች ስለ ሆኑ፥ ተቀባዩ መሣሪያውን የሚፈትንባቸው ናቸው። በሦስት ሞገድ አንዱን ወሬ መላኩም ምክንያት አለው። ከፍ ያለው ሞገድ በቀን ሩቅ ይሄዳል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይበረታል፤ መርከበኛውም በሰዓቱ የሚመቸውን ይመርጣል።

እኛ በብዙ ድካም ያገኘነውን፥ የለመዱት አዳማጮች ገና ድምፁን ሲሰሙ ያውቁታል። ከላይ ምጣድ እንደሚፍቅ ሰው ያልነውን ድምፅ ብንነግራቸው፥ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይፍቃል ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ጊዜ ከሆነ በደቂቃ 120 መስመር ማለት ነው፤ ይህም የአየር ጠባይ ካርታ በራዲዮ ሲሣል የሚሰማ ድምፅ ነው። ጥቁሩ በአንድ ቃና፥ ነጩም በሌላ ቃና ይላካል፤ ባሕር ላይ ያለው መሣሪያ መስመሩን ከመስመር እያስከተለ የነፋሱንና የማዕበሉን ካርታ በወረቀት ላይ ያወጣዋል። አንዳንዱን ደግሞ የሚለዩት በሰዓት ነው። ለአውሮፕላን ነጂዎች በሰው ድምፅ የሚነገረውን ወሬ ኒው ዮርክና ጋንደር በአንድ ሞገድ በ6604 ኪሎ ሄርዝ ላይ ደቂቃውን ተካፍለው ሲናገሩት ኖረዋል፤ ሰዓቱን ያልተመለከተ ሰው ሁለቱን አንድ ጣቢያ ያደርጋቸዋል።

የአየር ጠባይ ወሬና የሰላይ ወሬ አንድ የሆኑበት ዘመን ግን በእርግጥ ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገ ዝናብ ይዘንባል ብሎ ለሕዝብ መናገር ለጠላት መንገር ነበርና፥ እንግሊዞች ከ1939 እስከ 1945 ዓ.ም. የአየር ጠባይ ትንቢትን በራዲዮ ለሕዝብ ማሰማት አቁመው ነበር። በዚሁ ጊዜ ለራሳቸው ደስታ ራዲዮ የሚሠሩትን ሰዎች ማሰራጫ መንግሥት ሰበሰበ፤ መስሚያ ጆሮአቸውን ግን ፈለገው። ከእነዚህ ሰዎች 1,500 የሚያህሉ ተመልምለው በየቤታቸው በሌሊት የማይታወቀውን የሞርስ ድምፅ እያዳመጡ የሰሙትን ጽፈው ባርኔት ወደሚገኘው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር 25 ይልኩ ነበር። የሚሠሩትንም ለማንም እንዳይገልጹ ታዘዋል። ባልዋ በየሌሊቱ ወደ ጓዳ ገብቶ በሩን የሚዘጋባት፥ ምክንያቱንም የማይነግራት ሚስት ምን ትል እንደ ነበር እኛ ባንጽፈውም አንባቢያችን ይገምተዋል።

ጀርመኖችም የአየር ጠባይ ወሬ እጅግ ቸግሮአቸው ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ደመናና ማዕበል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ምዕራቡ ደግሞ በጠላቶቻቸው እጅ ነበረ። ስለዚህ ትንንሽ መርከቦችን ወደ ሰሜን ባሕር ልከው ነፋሱን እየለኩ በምስጢር ጽሕፈት እንዲያስታውቁ አደረጉ። ሃሪ ሒንስሊ የተባለ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ እነዚህ ብቻቸውን የሚንከራተቱ መርከቦች የኤኒግማን መኪና ምስጢር ይዘው መሆን አለበት ብሎ ስለ ተናገረ፥ ሙንሽን የተባለችው በ1941 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ ላውንቡርግ የተባለችውም በጁን ወር ተይዘው፥ የሚቀጥሉት ወራት ቁልፍ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሰው የሌለበት ጣቢያ ነው። በኦክቶበር 22 ቀን 1943 ዓ.ም. ዩ 537 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በሰሜን አሜሪካ በላብራዶር ጠረፍ ማርቲን ቤይ ከሚባል ስፍራ ደረሰ። ዶክተር ኩርት ሶመርማየር የተባለው ሊቅና መርከበኞቹ ከባድ ከባድ የብረት በርሜሎችን በጎማ ጀልባ ወደ ምድር አሻግረው፥ ምሰሶውን ተክለው፥ በየሦስት ሰዓቱ የአየሩን ጠባይ ለክቶ በ3940 ኪሎ ሄርዝ በራሱ የሚናገር መሣሪያ አቆሙ። ያገኘው ሰው እንዳይጠረጥር የአሜሪካ ሲጋራ ባዶ ፓኮዎችን በዙሪያው በተኑ፤ በበርሜሉም ላይ «የካናዳ ሜቴዎር አገልግሎት» ብለው ጻፉበት። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት በካናዳ አልነበረም፤ ሜቴዎር ማለትም ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ምድሪቱም ብትሆን የኒውፋውንድላንድ ነበረች እንጂ ወደ ካናዳ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ነው። የሆነ ሆኖ ውሸቱ ሠራ። መርከቡ በ1944 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በጃቫ ባሕር ከነሰዎቹ ሰጠመ፤ በ1977 ዓ.ም. አንድ የምድር ጥናት ሊቅ በርሜሎቹን ባገኘ ጊዜ የካናዳ ጦር ዕቃ መስሎት አለፈው። በኋላ ፍራንዝ ዜሊንገር የተባለ ጡረታ የወጣ ጀርመናዊ መሐንዲስ በሶመርማየር ወረቀቶች መካከል የጣቢያውን ነገር አገኘና ለካናዳ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ለአሌክ ዳግላስ ጻፈለት። በ1981 ዓ.ም. ሄደው አዩት። ዛሬ በኦታዋ በካናዳ የጦርነት ሙዚየም ይታያል።

ስለ ፒኔበርግ የጻፍነው የመጀመሪያው ጽሑፍ ተቀድዶ ተጥሏል። ልጃችን ግን ደብተርዋን አልጣለችም፤ ሰዓቱን በአንድ ረድፍ፥ ሞገዱን በሁለተኛው፥ የስፍራውን ቁጥር በሦስተኛው ትጽፋለች፤ ከአጠገቡም ሙቀቱን ፈትታ ታኖራለች። በሽፋኑ ላይ 63450 ብላ በቀይ ቀለም ጽፋበታለች። በፒኔበርግ መስመሮች መካከል እስካሁን አላገኘችውም።