ስልክ እያለ ሰዓት ለምን ይታሰራል?



በቅርቡ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ አንድ ወንድም ወደ እጄ እያየ፣ “ፓስተር፣ ኪስዎ ውስጥ ስልክ እያለ ሰዓት ለምን ያስራሉ?” አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ “ለጌጥ ነዋ!” አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከጥያቄው ሥር ያለው አሳብ፣ ስልክ የያዘ ሰው ሰዓት ባያስር ምንም አይጎድልበትም የሚል ነው። እኔ ግን ይጎድልበታል እላለሁ።

በመጀመሪያ እውነቱን ልመን። ጉዳዩ ትክክለኛነት ብቻ ከሆነ ስልኩ ይበልጣል። ሰዓቱን ከኔትወርክ እየተቀበለ ራሱን ያስተካክላል፤ የእኔን ግን በየጊዜው ማስተካከል አለብኝ። ነገር ግን ወገኖቼ፣ እስቲ እንጠያየቅ፦ ሁላችንም ትክክለኛ ሰዓት በኪሳችን ይዘን የእሑድ አምልኮ ለምን ዘግይቶ ይጀምራል? የጎደለን ትክክለኛ ሰዓት አይደለም። የጎደለን ልብ ማለት ነው።

የእጅ ሰዓት “ስንት ሰዓት ሆነ?” ስንለው ያንኑ ብቻ መልሶ ዝም ይላል። ስልክ ግን ያልጠየቅነውን ሁሉ ይነግረናል፤ የቴሌግራም መልእክት፣ ያልተነሣ ጥሪ፣ የፌስቡክ ክርክር። ሰዓት ለማየት ስልካችሁን አውጥታችሁ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ኪሳችሁ ስትመልሱት ሰዓቱን ሳታዩ የቀራችሁበት ቀን የለም?

ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሊያማክሩኝ መጡ። ስለ ልጃቸው እያወሩኝ ሳለ ቀጣዩ ቀጠሮዬ እንዳያልፍ ሰዓት ልይ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። መልእክት ገብቶ ነበር፤ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ፤ አነበብሁት። ቀና ስል እናታችን ዝም ብለዋል። “ይቀጥሉ እናቴ” አልኋቸው። “ግድ የለም ፓስተር፣ ሥራ በዝቶብዎታል፤ ሌላ ጊዜ” ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ብጠይቃቸውም ያን ጉዳይ አላነሡልኝም። መሳቢያ ውስጥ የከረመውን የአባቴን ሰዓት ባትሪ አስቀይሬ ያሰርሁት በዚያው ሳምንት ነው።

“በሰው ፊት የእጅ ሰዓት ማየትስ ‘ሂድልኝ’ ማለት አይደለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ደጋግሞ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ ሰው ሳማክር ሰዓቴን ፈትቼ በሁለታችን መካከል ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። እኔም አየዋለሁ፤ እንግዳዬም ያየዋል። ስልክ እዚያ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ግን ያልተጋበዘ ሦስተኛ ሰው ይሆናል።

ደግሞ ሰዓት የሚያስሩትን ልብ በሉ። ነርሷ የልብ ምት ስትቆጥር ጣቶቿ በበሽተኛው አንጓ ላይ፣ ዓይኗ በሰከንድ ቆጣሪው ላይ ነው። ስንት አባቶችና እናቶችም ሰዓታቸውን በአገራችን አቆጣጠር ይሞላሉ፤ ስልካቸው ጠዋት 9፡00 ሲል እጃቸው ላይ ሦስት ሰዓት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ እንደ ወጡ ስናነብ፣ ከቀትር በኋላ መሆኑን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። በእጃችን ያለው አቆጣጠር ነውና።

አሁን “ለጌጥ ነዋ!” ወዳለው ወንድሜ ልመለስ። በ16ኛው መቶ ዘመን በካልቪን ዘመን የጄኔቫ ከተማ ጌጣጌጥን ስትከለክል፣ ወርቅ አንጥረኞቿ እጃቸውን ወደ ሰዓት ሥራ አዞሩ። ስለ እምነታቸው ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶችም ሙያውን ይዘው መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1601 የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። ጌጥን የነቀፈች ከተማ ሰዓትን እንደ ጠቃሚ ዕቃ ተቀበለች። ዛሬ ግን ያችው ከተማ የምትታወቀው እጅግ ውድ በሆኑ ሰዓቶች ነው! ትዕቢት መግቢያ አያጣም። ለመታየት የሚታሰር ሰዓት ከንቱ ነው፤ መድረክ ላይ የቆመ ሰባኪ ቢያስረውም ያው ነው። ነገር ግን በዚያው ሚዛን፣ የቆየው ሳይበላሽ የምንቀይረውን ስልክም እንመዝን። መልእክት ሁሉ እጃችን ላይ የሚያንጫርረው ስማርት ሰዓትም ከዚህ ክርክር አያድነንም፤ ስልኩን ከኪስ ወደ አንጓ ማዛወር ነው።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን ወደ ኢያኢሮስ ቤት እየሄደ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልትሞት ተቃርባለች፤ ከዚህ የሚበልጥ አስቸኳይ ቀጠሮ የለም። ሆኖም ልብሱን ለነካችው ሴት ቆመላት፤ ታሪኳን እስከ መጨረሻው ሰማት። ወደ ልጅቱም ሄደ፤ አስነሣት። አንዷን ሲሰማ ሌላዋን አልረሳም። እኔ ግን ለቀጣዩ ቀጠሮዬ ስሳሳ በፊቴ የተቀመጡትን እናት አጣሁ።

ስለዚህ ሁላችሁም ሰዓት ግዙ አልልም። ሰዓት ማሰር ጽድቅ አይደለም፤ አለማሰርም ኃጢአት አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ በሽተኛ ስትጠይቁ፣ ለቅሶ ስትደርሱ፣ ልጃችሁ ሲያወራችሁ፣ ተንበርክካችሁ ስትጸልዩ፣ ስልኩ ከእጃችሁ ይራቅ። ሰዓት ማወቅ ካስፈለጋችሁ ርካሽ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ዘመናችን በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ በዚህ ዘመን የሰጠን ሰው ግን አሁን ፊታችን ተቀምጦ እየነገረን ነው። ተነሥቶ ሳይሄድ እንስማው።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።