ጎማውን የሚበላው ፒስታው አይደለም

አሮጌ ትራክተር ሊገዛ የመጣ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሞተሩን ያስነሣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል፣ በትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ጥርስ መሐል ጣቱን ይሰዳል። የፊቱን ጎማ ግን በጫማው ጫፍ መታ አድርጎት ያልፋል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀለም የሚያስቀባው ኮፈኑን እንጂ አክስሉን አይደለም። ድርድሩ በሞተር ተጀምሮ በሞተር ያልቃል።

ገበያው እዚህ ላይ ተሳስቷል። የሞተር ብልሽት ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ስለዚህም ዋጋ ይቆረጥለታል። ያለቀ የፊት አክስል ግን ድምፅ የለውም። ባለቤቱን የሚያራቁተው በየክረምቱ በጎማ ስም፣ በጎሚስታ ስም፣ በሾፌር ስንፍና ስም ነው። ባለትራክተሩ ጎማውን የበላው የአርሲ ወይም የባሌ ፒስታ መንገድ እንደሆነ ያምናል፤ ጥንዱን አውልቆ ሌላ ጥንድ ይገዛል። አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ውስጥ በብዛት የሚታዩት የቆዩ ትራክተሮች፣ ማሴይ ፈርጉሰኖችና በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የተገጣጠሙት ቤላሩሶች፣ የፊት አክስላቸው መሐል ለመሐል በአንድ ፔርኖ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል። በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያዞሩት ፔርኖዎች በቡሽ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ቴስቲና አለው። ከጎማው ውስጥ ኩሽኔታ አለ። በዲስክ ማረሻ ሲታረስ የቀኙ ጎማ ቀኑን ሙሉ ቦዩን ተከትሎ ስለሚሄድ የመሐሉ ፔርኖ አንድም ጊዜ ሳይቃና በአንድ ጎኑ ይበላል። አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ ያው ትራክተር እህል የጫነ ተሳቢ ታስሮለት መንገድ ይወጣል። አፈሩና አቧራው ከግራሶው ጋር ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ብረቱን ይልጋል።

ከነዚህ ቦታዎች በየትኛውም ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲፈጠር ጎማው ቀጥ ብሎ መሄዱን ይተዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያፈነግጥ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ ማረሻ 1 ሄክታር ለማረስ፣ መዞሪያው ሳይቆጠር፣ 10 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ይህ ማለት በየሄክታሩ 170 ሜትር የጎን ፍቀት ነው። ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ይችለው ይሆናል። ጠጠር መንገድ ላይ 1,000 ኪሎ ሜትር ተሳቢ ሲጎተት ግን 17 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን የተጎተተ ጎማ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የጎሚስታ ቤት በራፍ ላይ የተከመረውን ማየት ይበቃል። በአንድ ጎኑ ሸራው የወጣ፣ በሌላው ጎኑ ግን ጥርሱ ገና ያላለቀ ጎማ ካለ ጥፋቱ የመንገድ አይደለም።

ባለንብረቱ ግን ሁለቱን ወጪዎች የሚያየው በተለያየ ዓይን ነው። ጎማ «የግድ» ነው፤ ያለ እሱ አይታረስም። አክስል «ይቆይ» ነው፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ይሄዳል። ለምሳሌ ሦስት ክረምት ማገልገል የነበረበት ጥንድ ጎማ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ከሆነ ባለቤቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ጥንድ ገዝቷል። የአክስሉ ሙሉ እድሳት ከሁለት ጥንድ ጎማ ካነሰ ወጪው ያለ ሌላ ምክንያት ራሱን መልሷል ማለት ነው። ዋጋውን አንባቢ በራሱ ከተማ ጠይቆ ቢያስገባው ይሻላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷልና ከዚያ በፊት የተያዘ የዋጋ ዝርዝር ዛሬ ለጨዋታ ካልሆነ አይጠቅምም። ከውጭ የሚገባ ጎማ በተወደደ ቁጥር እዚሁ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ቡሽ ይበልጥ ያዋጣል።

በዚህ ሒሳብ ያልገባ አንድ ነገር አለ፤ የቆመበት ቀን። ስንዴ በሚዘራበት አካባቢ የሰኔ መጨረሻና የሐምሌ ቀናት እንደሌሎቹ ወራት አይደሉም። ትራክተሩ ተራውን ለሚጠብቀው ገበሬ ሳይደርስ ማሳ መሐል ፔርኖው ቢሰበር ባለቤቱ የሄክታር ኪራዩን ያጣል። ገበሬው ግን በሬውን ሸጦ ወይም ያለ በሬ ቀርቶ ተማምኖ የተቀመጠ ከሆነ የሚያጣው የዓመት እህሉን ነው። በተሳቢ ጭነት ቁልቁለት ላይ ቢሰበር የሚያስከትለው ደግሞ በብር አይተመንም።

መታደሱ ከታመነበት እንዴት የሚለው ይከተላል። በጣም የተለመደውና በጣም ርካሹ ያለቀውን ፔርኖ በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ማስተካከል ነው። ለመሐሉ ወፍራም ፔርኖ ሊያስኬድ ይችላል። መሪ ለሚዞርበት ፔርኖ ግን የማይመከር ቁጠባ ነው፤ በብየዳ ሙቀት የተጎዳ ብረት የሚሰነጠቀው ውስጥ ለውስጥ ነውና። እዚያ ላይ አዲስ ፔርኖ ከጥሩ ብረት ማስወጣት፣ ወይም መለዋወጫውን መግዛት ይሻላል። ቡሹ ከነሐስ ቢሆን መልካም ነው፤ ከምኑም ይሁን ከምን ግን የግራሶ ቀዳዳውና ቦዩ መውጣት አለበት። ቶርኖ ቤቶች ሲቸኩሉ የሚረሱት ይህንኑ ነው። ያለ ቀዳዳ የተገጠመ ቡሽ በግራሶ ፓምፕ ቢደክሙበትም አይቀምስም።

አንዳንዱ ባለንብረት ደግሞ እግረ መንገዱን ጎማውን ማሳደግ ይፈልጋል። በማሴይ ፈርጉሰን 135 ላይ የተለመደውን 6.00-16 አውጥቶ 7.50-16 ማስገባት ጭቃ ላይ መስጠሙን ይቀንሳል። ቸርኬው ግን አብሮ መስፋት አለበት፤ መሪው እስከ ጥጉ ሲዞርም ጎማው ከምንም ጋር መነካካት የለበትም። ይህ የሚሠራው የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ለሚጎትቱ ነው። አራቱም ጎማ በሚጎትትበት፣ እንደ ቤላሩስ 82 ባለው ላይ፣ የፊትና የኋላው መጠን በማርሽ የተሳሰረ ስለሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ማርሹን መስበር ነው። ቸርኬውን ገልብጦ ጎማውን ወደ ውጭ ማውጣትም አለ። ትራክተሩ ሲታይ ሰፋ ብሎ ያምራል፤ ሸክሙ ግን ከኩሽኔታው ስለሚርቅ የታደሰውን ሁሉ ቶሎ ይመልሰዋል።

የጭነት መኪና ጎማ ገጥሞ የሚያርሰውንም መንቀፍ ቀላል ነው። ሦስት መስመር ያለው የትራክተር የፊት ጎማ አፈሩን ነክሶ እንዲታጠፍ የተሠራ ነው፤ ሌላው እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሾፌሩም በአንድ ጎን ፍሬን እየረገጠ ይዞራል። ይሁንና ዓመቱን ሙሉ ጡብና አሸዋ የሚጎትት ትራክተር ላይ የመኪናው ጎማ ቢገጠም የሚያሳፍር አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቅድ ብዙ ተብሎለታል፤ ርምጃውም ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን ስለ እርሻ መካናይዜሽን ሲወራ የሚቆጠረው የገባው ትራክተር ነው። በቡሽና በቴስቲና እጦት ዛፍ ጥላ ሥር የቆመው አይቆጠርም። አሮጌውን ለሁለተኛ ዕድሜ ማብቃት ከአዲስ ግዢ በጣም ባነሰ ዶላር የሚገኝ የማረስ አቅም ነው፤ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሰው አይደለም።

እስከዚያው ገዢ የሆነ ሰው ክሪክ ይዞ ቢሄድ የድርድሩ መልክ ይለወጣል። የፊቱ አክስል ከፍ ይደረግና ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል። ጎማው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ነው፤ ጠበቅ ማድረግ ወይም መለወጥ ይበቃዋል። ፔርኖው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ቡሹ አልቋል። አክስሉ በሙሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ካለ መሐለኛው ነው። ሻጩ «ይህማ የሁሉም ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የሁሉም ከሆነ የቶርኖውን፣ የቴስቲናውንና የኩሽኔታውን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፎ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ነው፤ ሥራው ሲሰጥም ያለቀውን ቡሽ ለመለኪያ ይዞ መሄድ አይረሳ፤ ከተገጠመ በኋላም በመጀመሪያው ቀን ማታ የጎማዎቹን ብሎኖች እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።